ለሙሉጌታ መኪና የመረጥኩት ዘይት

ጡረታ ከወጣሁ ሦስት ወር ሆነኝ። ጋራዤን ዘግቼ ቁልፉን ለአከራዩ አስረክቤያለሁ፤ ቱታዬም ታጥቦ ሣጥን ገብቷል። ጆሮዬ ግን ጡረታ አልወጣም። ቤቴ ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ ዳር ስለሆነ፣ ጠዋት ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ሳለ ሚኒባሶቹ ሲነሡ ከአልጋዬ ሳልወርድ እሰማለሁ። ቁልፍ ዞረ፣ ሞተሩ ተነሣ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያልኩ እቆጥራለሁ። ዘይቱ ሞተሩ አናት ደርሷል ወይስ ገና ነው? ሹፌሩ ሞተሩን ቶሎ አሞቃለሁ ብሎ ገና እንደተነሣ ነዳጅ ሲረግጥበት ብርድ ልብሱን ገፍፌ እነሣለሁ።

ባለቤቴ የሰው መኪና ምን አስጨነቀህ ትለኛለች። የሥራ ልማድ ነው እላታለሁ። ልማድ ብቻ አይደለም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በነበረ አንድ ጉዳይ ምክንያት ነው፤ እሱን ለመጻፍ ደግሞ ከመጀመሪያው መነሣት አለብኝ።

ሥራ የጀመርኩት ደብረ ብርሃን በነበረ አንድ የመንግሥት ጋራዥ ውስጥ ነው። የመንገድ ሥራ መኪናዎችና ግሬደሮች የሚጠገኑበት ነበር። የተመደብኩት ከጋሽ ሀብቴ ጋር ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። እጃቸውን በሳሙናና በሰጋቱራ ሳይታጠቡ የዘይት መለኪያውን ዘንግ አይነኩም ነበር። እኛ የምንታጠበው ሥራ ስንጨርስ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ሳይጀምሩም ይታጠባሉ። ቆሻሻ እጅ የዘይቱን ነገር አይነግርህም ይሉ ነበር። ዘንጉን ይመዙና መጀመሪያ ያሸታሉ፤ ናፍታ ሸተተ ማለት ነዳጁ ወደ ዘይቱ እያለፈ ነው። ቀጥለው በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያሹታል። በመጨረሻ አንድ ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ያሳርፉና ወረቀቱን በሽቦ ላይ ይሰቅሉታል። ጠብታው ሲሰፋ ዳሩ ድረስ እኩል ከጠቆረ ዘይቱ ጥላሸቱን ተሸክሞ መሥራት ይችላል፤ መካከሉ ላይ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ከቀረ ግን አቅቶታል። ወረቀቱ ላይ ታርጋውን፣ ቀኑንና የተቀዳውን ዘይት ቁጥር ይጽፋሉ። ወረቀት ሳይጻፍ የወጣ መኪና አልነበረም።

ሌላው ልማዳቸው ጥያቄ ነው። ሌላ መካኒክ ሹፌሩን የት ነው የምትሠራው ብሎ ይጠይቃል። ጋሽ ሀብቴ ሁለት ነገር ነበር የሚጠይቁት፦ የት ታድራለህ? የት ታቆማለህ? መኪናው የሚያድርበት ቦታ ጠዋት ዘይቱ ምን ያህል እንደሚረጋ ይናገራል። የሚቆምበት ቦታ ደግሞ ሞተሩ ግሎ ሳለ ምን እንደሚደርስበት ይናገራል። ሹፌሮቹ ይስቁባቸው ነበር፤ አንዱማ ሽማግሌው ሊያገባኝ ነው መሰል ማደሪያዬን ጠየቀኝ ብሎ ጋራዡን በሳቅ ጨርሶት ነበር። እኔም ስቄያለሁ።

ከዚያ ወዲያ ወዲህ ተመደብኩ። እነዋሪ ከትራክተሮች ጋር ሁለት ዓመት ቆየሁ፤ በክረምት ጭቃው፣ በመኸር የስንዴው አቧራ ፊልትሮ ይደፍን ነበር። አረርቲም ሠራሁ፤ እዚያ ሙቀቱ ዘይቱን እንደ ውኃ ያቀጥነዋል። የአረርቲው ኃላፊዬ በግቢው አንድ በርሜል ዘይት አስቁሞ ለሁሉም ከሱ ቅዱ፣ ዘይት ዘይት ነው የሚል ሰው ነበር። ተከራክሬው የደመወዝ ጭማሪዬ አንድ ዓመት ዘገየ። ይህን የማነሣው ልመካበት አይደለም። በወጣትነቴ ስለ ዘይት የተከራከርኩት እኔው ኋላ ምን እንደሠራሁ እንዲታወቅ ነው።

የዘይት ቆርቆሮ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። የፊተኛው ዘይቱ በብርድ ምን ያህል እንደሚፈስ ይናገራል፤ ባነሰ ቁጥር ቶሎ ይፈስሳል። የኋለኛው በሙቀት ጊዜ ምን ያህል ወፍራም ሆኖ እንደሚቆይ ይናገራል። አምስት-ሠላሳ የሚባለው በውርጭ ጠዋት ቶሎ ይደርሳል። ሃያ-ሃምሳው ወፍራም ነው፤ ለአሮጌ ሞተር፣ ዘይት ለሚበላ፣ ለቆላ ይመረጣል። የዱሮዎቹ ሞተሮች የትኛውንም ብትሰጣቸው እያጉረመረሙም ቢሆን ይሠሩ ነበር። በእኛ አገር ወፍራም ዘይት ለዳገት ነው የሚባል እምነት አለ፤ ሹፌሩም፣ ባለ ሱቁም፣ እኛም እንለው ነበር።

የራሴን ጋራዥ ስከፍት አዲሶቹ ሞተሮች መጡ። ናፍታውን በከፍተኛ ግፊት ቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጩ፣ ቱርቦ ያላቸው። ቱርቦ ማለት በጭሱ ኃይል የሚሽከረከር ትንሽ የብረት መዘውር ነው፤ ወደ ሞተሩ አየር ይገፋል። ያንን መዘውር የያዘው ዘንግ ከጣት ያልወፈረ ነው፤ ፍጥነቱን ዓይን አይከተለውም። ዘንጉ ብረት ላይ አይቀመጥም፤ በስስ ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ነው የሚዞረው። ዘይቱም በአንዲት ቀጭን ቱቦ ከሞተሩ ነው የሚመጣለት። ጠዋት ከዘገየ ዘንጉ በደረቁ ይዞራል። ሞተሩ እንደጋለ በድንገት ከጠፋ ደግሞ ዘይቱ መፍሰሱን ያቆማል፤ ዘንጉ ዙሪያ የቀረው እዚያው ያርርና ጥቁር ቅርፊት ይሆናል። ስለዚህ ለእንዲህ ያለ ሞተር ዘይት ሲመረጥ የመኪናው መጽሐፍ ያዘዘው ቁጥር ይታያል፣ ከቆርቆሮው ጀርባ ያለው የጥራት ደረጃ ይነበባል፣ ከዚያ ማደሪያና ማቆሚያ ይጠየቃል። ይህን ሁሉ አውቅ ነበር።

ሙሉጌታ የእትዬ ብርቄን ሚኒባስ ነበር የሚነዳው። እትዬ ብርቄ በከተማችን የታወቁ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ሚኒባሷን ከደብረ ብርሃን በአንኮበር በኩል ወደ አልዩ አምባ ያሠሯት ነበር። ሙሉጌታ ረጋ ያለ፣ መኪናውን ከራሱ ልብስ አብልጦ የሚያጥብ ጎልማሳ ነው። አንድ ሰኞ መጣና ጋሽ ተሾመ፣ ትንሽ ዘይት መቀነስ ጀምራለች አለኝ። መጽሐፉ አምስት-ሠላሳ ነው የሚለው። በዚያ ሳምንት በከተማው ሱቆች አልነበረም፤ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ሁለት ቀን መጠበቅ ነበረበት። እኔ ደግሞ ግቢዬ በመኪና ተጨናንቆ፣ ስሜም ገንኖ፣ ሰው ተሾመ ካለ አለቀ የሚልበት ጊዜ ነበር። ዘይት ትቀንሳለች፣ ዳገት ትወጣለች፣ ቆላ ትወርዳለች፤ ሃያ-ሃምሳ ይያዝላት አልኩ። ቀዳሁ። ጠብታውን ወረቀት ላይ አሳረፍኩ፣ ታርጋውን፣ ቀኑንና ቁጥሩን ጻፍኩ፣ ሰቀልኩ። ልማዱን ጠብቄያለሁ። ሁለቱን ጥያቄዎች ግን አልጠየቅኩም። ሦስት መኪና ይጠብቀኝ ነበር።

በአራተኛው ወር፣ በጠራራ ከሰዓት በኋላ፣ ስልክ ተደወለልኝ። ሚኒባሷ አንኮበር ዳገት ላይ ተቃጠለች የሚል ነው። አልተቃጠለችም፤ የሆነው የባሰ ነበር። ቱርቦዋ ዘይት መያዝ አቅቶት ወደ ሞተሩ አየር መግቢያ አፈሰሰው፤ ሞተሩም የገዛ ዘይቱን እንደ ነዳጅ ማንደድ ጀመረ። ሙሉጌታ እግሩን ከነዳጅ መስጫው አነሣ፤ ጩኸቱ ጨመረ። ቁልፉን አዞረ፤ አልጠፋም። ቁልፉን ነቅሎ በእጁ ያዘው፤ ሞተሩ ግን ያለ ቁልፍ መጮሁን ቀጠለ፤ በነጭ ጭስ መንገዱ ጠፋ። በግራ በኩል ገደል ነው። ሙሉጌታ ማርሹን አራተኛ አስገብቶ፣ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሉ ረግጦ ፍሪሲዮኑን ለቀቀ፤ ሞተሩ ተንቀጥቅጦ ሞተ። አሥራ ሁለት ሰው ነበር የጫነው። ሞተሩ ከመሞቱ በፊት ግን እማማ ዘውዴ፣ የአልዩ አምባ ቄስ ባለቤት፣ ነደድን ብለው በሩን ከፍተው ዘለሉ። እግራቸው ከጭኑ ተሰበረ።

በማግስቱ ሄጄ ቱርቦውን ፈታሁት። ዘንጉ ጥቁር ቅርፊት ለብሶ ነበር፤ መያዣው ደግሞ በደረቅ ዞሮ የተፋቀ። ሁለት ጉዳት ነው ያየሁት፤ አንዱ ወፍራሙ ዘይት የዘገየበት የብርድ ጠዋት፣ አንዱ የጋለ ማቆሚያ። ያኔ ነው ሙሉጌታን የት ታቆም ነበር ብዬ የጠየቅኩት። ሰውዬው ምንም ሳይደብቅ ነገረኝ። ከአልዩ አምባ ዳገቱን ወጥቶ እንደጨረሰ፣ መታጠፊያው ላይ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። ሁልጊዜ እዚያ ያቆማል። በእመቤታችን ደጅ ሞተር እየጮኸ አይጸለይም ብሎ ወዲያው ያጠፋል፤ ወርዶ ይሳለማል፤ ተሳፋሪውም አብሮት ይሳለማል። በዚያ መስመር የሚነዳ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ በዱሮ ሞተር ምንም አይጎዳም ነበር። አስቀድሜ ጠይቄው ቢሆን፣ ሦስት ደቂቃ ሳታጠፋ አቁመህ አስበርዳትና ከዚያ አጥፋ እለው ነበር። ነገሩ በዚያ ያልቅ ነበር።

እትዬ ብርቄ የባለሙያ ማስረጃ ጻፍልኝ አሉኝ፤ የባለ ሚኒባሶቹ ማኅበር ጠይቋቸዋል። ጋራዡ ውስጥ ቆሜ አንድ መስመር ጻፍኩ፦ ብልሽቱ የደረሰው ሹፌሩ የጋለ ሞተር በተደጋጋሚ ወዲያው በማጥፋቱ ነው። ውሸት አይደለም። ስለ ዘይቱ ግን አልጻፍኩም። ስለ ጥያቄውም አልጻፍኩም። ማኅተሜን መታሁበት። እጄ አልተንቀጠቀጠም፤ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። ሙሉጌታ ከሥራ ተባረረ፤ በዚያ ወረቀት ምክንያት ሌላ ባለ መኪናም አልቀጠረው።

ጋሽ ሀብቴ ያኔ ጡረታ ወጥተው ነበር፤ አልፎ አልፎ ጋራዤ እየመጡ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ወሬውን ሰምተው መጡ። ምንም አልጠየቁኝም። ተነሥተው እጃቸውን በሰጋቱራ ታጠቡ፣ ወደ ሽቦው ሄዱ፣ ወረቀቶቹን አንድ በአንድ እየገለጡ የሚኒባሷን አገኙ። ቁጥሩን በእጄ ጽሑፍ አነበቡት። ረጅም ጊዜ ያዙት። ከዚያ መልሰው ሰቀሉትና ወደ እኔ ሳያዩ አንድ ነገር ብቻ አሉ።

«ይህን ወረቀት አትጣለው።»

በዓመቱ ዐረፉ። ወረቀቱን አልጣልኩትም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራዬ ጥሩ ነው ተብሎ ይነገርልኛል። ከዚያ ቀን በኋላ ያለ ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ ቆርቆሮ አልከፈትኩም፤ ትክክለኛው ዘይት ከሌለ መኪናውን አስቁሜ አስጠብቃለሁ፤ ሰው ተሾመ ተጨናቂ ሆነ አለኝ። እውነት ነው፣ ተጨናቂ ሆንኩ። ያጠበቅኩትን ብሎን ተመልሼ እነካካለሁ። ስልክ ሲጮኽ ዳገቱ ነው የሚታየኝ። ሙሉጌታን ከሩቅ ካየሁት መንገድ እቀይራለሁ። አንዳንዴ ብሎኬት ሲያወርድ፣ አንዳንዴ በመጋዘን ጥበቃ ላይ አየዋለሁ። ሰላምታ ሲሰጠኝ ባርኔጣውን ያነሣል። ያ ባርኔጣ ያሳምመኝ ነበር።

ባለፈው ሐሙስ በሬ ተንኳኳ። ከፈትኩ፤ ሙሉጌታ ነው። ፀጉሩ ሸብቷል። ከኋላው አንድ ነጭ ሚኒባስ ቆሟል። ወንድሞቹ ተባብረው ገዝተውለት የአንኮበርን መስመር ሊጀምር ነው። ቱርቦ ያላት፣ ነዳጅ ቀጥታ የምትረጭ፣ ያችኑ ዓይነት። ጋራዥ መዝጋቴን ሰምቷል፤ ቢሆንም ዘይቷን እኔ እንድመርጥለት ፈልጓል። ስለ ዘይት ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም አለኝ።

 ጓሮ ሄጄ እጄን ታጠብኩ፤ ለመታጠብ ሳይሆን ጊዜ ለማግኘት። ተመልሼ የመኪናዋን መጽሐፍ አየሁ፤ አምስት-ሠላሳ ይላል። የዘይት ዘንጉን መዝዤ አሸተትኩ። ከዚያ ጠየቅኩት።

«የት ታድራለች?»

«እቤቴ ግቢ ነው፣ ሜዳ ላይ።»

«የት ታቆማለህ?»

 ባርኔጣውን አውልቆ ያዘው።

«አላቆምም ጋሽ ተሾመ» አለኝ። «ከዚያ ወዲህ ማርያም ደጅ ቆሜ አላውቅም። ለእህል ጭነት ረዳት ሆኜ ስወርድም ቀና ብዬ አላያትም። እዚያ በመቆሜ አይደል እማማ ዘውዴን አካለ ስንኩል ያደረግኳቸው? በየዘመን መለወጫው እንጨት አደርስላቸዋለሁ። ይቅር ብለውኛል። እኔ ነኝ ደጇን መርገጥ ያልቻልኩት።»

እኔ ሥራውን ብቻ የወሰድኩበት ይመስለኝ ነበር፤ ጸሎቱንም ወስጄበት ኖሯል።

ገባሁና ሣጥኑን ከፈትኩ። ቱታው ሥር ወረቀቱ አለ፤ ቢጫ ሆኗል፣ የጠብታው ዳር ግን እንዳለ ነው። አምጥቼ ሰጠሁት። ቁጥሩን በጣቴ አሳየሁት፤ የመጽሐፉንም አሳየሁት። ያን ቀን ወፍራሙን ዘይት የቀዳሁት እኔ ነኝ አልኩት። በውርጭ ጠዋት ሁሉ የቱርቦው ዘንግ መያዣ የተፋቀው በሱ ነው። ስለ ማቆሚያህም መጠየቅ የኔ ሥራ ነበር፤ ብጠይቅህ ሦስት ደቂቃ ታስበርዳት ነበር። ማስረጃ ስጽፍ ያንተን ጥፋት ብቻ ጻፍኩ። ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ቢመታኝ ይቀለኝ ነበር። «ጋሽ ሀብቴ ያውቁ ነበር?» ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ያውቁ ነበር አልኩት። ወረቀቱን አጥፎ መልሶ ሰጠኝ፤ ዘይቱንና ፊልትሮውን ከየት እንደሚገዛ ጠይቆኝ ሄደ። ይዞ ሲመለስ አሮጌውን ዘይት ራሱ አፈሰሰው፣ ፊልትሮውን ራሱ ቀየረ፣ አዲሱን ራሱ ቀዳው። ቆርቆሮውን እንድነካው አልፈቀደልኝም። ሲጨርስ የፊተኛውን በር ከፈተና ይግቡ አለኝ።

አንኮበርን አለፍን። ወደ አልዩ አምባ ወርዶ ዞረና ዳገቱን መውጣት ጀመረ። ቀበቶዬን በሁለት እጄ ይዣለሁ፤ ሞተሩን እያዳመጥኩ፣ ገደሉን ላለማየት እየሞከርኩ። ድምፁ ንጹሕ ነበር። ከላይ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰና ከማርያም ደጅ አቆመ። ሞተሩን አላጠፋውም። ሰዓቱን አየ።  ሦስት ደቂቃ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። ከዚያ አጠፋት፣ ወረደ፣ ከበሩ ፊት ተንበርክኮ ግንባሩን መሬት አስነካ። ሲነሣ ፊቱ እርጥብ ነው። እኔ ከመኪናው መውረድ አልቻልኩም።

ተመልሶ በመስኮቱ በኩል ቆመ።

«ይቅርታውን አሁን አይጠይቁኝ» አለኝ። «ሰኞ ጠዋት እመጣለሁ። መጀመሪያ እትዬ ብርቄ ቤት፣ ከዚያ እማማ ዘውዴ ዘንድ እንሄዳለን። ወረቀቱን ይዘው የሚገቡት እርስዎ ነዎት። የሚናገሩትም እርስዎ ነዎት።»

ዛሬ ሰኞ ነው። ለባለቤቴ ትናንት ነገርኳት፤ ብዙ አልቅሳ ዛሬ የክት ጋቢዬን አውጥታ ሰጠችኝ። እትዬ ብርቄ ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። እማማ ዘውዴ በምርኩዝ ተደግፈው በር ሲከፍቱልኝ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። ወረቀቱ ደረት ኪሴ ውስጥ ነው፤ አሥር ጊዜ ነክቼዋለሁ። ውርጩ ገና አልቀለጠም። ከታች በኩል ካለው ሰፈር አንድ ሞተር ሲነሣ ሰማሁ፤ ነዳጅ ሳይረገጥበት ረጋ ብሎ ቆየ፣ ከዚያ መንገዱን ያዘ። መኪናዋን አውቃታለሁ። አሁን ደጄ ደርሳ ቆማለች፤ አላጠፋትም፣ እየጠበቀኝ ነው።